ሁለት እሑድ የተነገረ ጋብቻ

ዊልያሚና ሜር በፖርትሌር የዓሣ ማጨሻ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ጡረታ ስትወጣ ጣቶቿ ገና ቢጫ ነበሩ። ሰፈሩ ሚና ይላታል። እኩዮቿ ጡረታቸውን በአትክልትና በካርታ ጨዋታ ሲያሳልፉ፣ እሷ ማክሰኞና ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት እየሄደች በፊልም የተቀዱ የድሮ መዝገቦችን ማየት ያዘች። ትምህርት ያቋረጠችው በዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የጥንት ጸሐፊዎችን የእጅ ጽሑፍ ግን ማንም ሳያስተምራት፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች ለመደችው።

ከ1855 ወዲህ ያለው አላስቸገራትም። ልደቱንም ጋብቻውንም ሞቱንም መንግሥት ከነወላጆቹ ስም ጽፎታል። ከዚያ በፊት ያለው የሚገኘው በየደብሩ መጽሐፍ ሲሆን፣ እዚያ ጸሐፊው የፈለገውን ይጽፋል፣ ያልፈለገውን ይተዋል። የሚና ቅድመ አያት አሌክሳንደር በ1841 ሲጠመቅ የተጻፈው የእናቱ የኤልስፔት ሜር ስም ብቻ ነው። አባት የለም።

አባትየው ማን እንደ ሆነ ቤተሰቡ ያውቃል፤ ላክላን ሰዘርላንድ የሚባል፣ የፖርትሌርን ወደብ ሊሠራ ከባሕሩ ማዶ ከኬትነስ የመጣ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ኤልስፔት ስታረግዝ "አገሬ ደርሼ እመጣለሁ" ብሏት በጀልባ ተሻገረ፤ በዚያው ቀረ። በአገሩ ልማድ የበኩር ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራልና፣ አሌክሳንደር የበኩሩን ላክላን አለው፤ ያም የራሱን አሌክሳንደር። ሁለቱ ስሞች እንዲህ ሲፈራረቁ ከሚና ታላቅ ወንድም ከላክላን ዘንድ ደረሱ።

አሁን የወንድሟ ልጅ አሌክሳንደር፣ በቤት ስሙ ሳንዲ፣ ወንድ ልጅ ወልዷል፤ ጥምቀቱ የፊታችን እሑድ ነው። ተራው የላክላን ነበር። የሕፃኑ አያት ላክላን ግን እምቢ አለ።

"የፈርጣጭ ስም ነው" አለ የሎብስተር ወጥመዱን እየጠገነ። "ከመጠጥ ቤት በወጣሁ ቁጥር 'ላክላን፣ ትመለሳለህ ወይስ እንደ አያትህ ነው?' ይሉኛል። እኔ ተሸክሜው ኖሬአለሁ፤ በኔ ይብቃ። ዴቪድ በሉት።"

"ጥሎት የሄደን አባት ስም ለበኩር ልጁ የሚሰጥ ማን አለ?" አለች ሚና።

"የኛ ቤት ወንዶች ሞኞች ናቸው። ስንት ጊዜ ብለሽኛል።"

"ያልኩትማ ስላንተ ነው።"

ሐሙስ ጠዋት ያንኑ ፊልም ልታወጣ መሳቢያውን ስትከፍት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ኢሽበል አየቻት።

"ዛሬም የፖርትሌሩን ነው? አንቺም አርጅተሽበታል፣ እሱም አርጅቶብሻል።"

"ከ1838 እስከ 1842 ያለውን የጋብቻ ገጽ እርጥበት በልቶታል። አንድ መስመር እንኳ ተርፎ እንደ ሆነ ብዬ ነው።"

"የሰውየውን ደብርስ አይተሻል?"

"ምን ያደርግልኛል? ሴት የምትዳረው በገዛ ደብሯ ነው።"

"መዳሩስ በደብሯ ነው። ጋብቻው ግን አስቀድሞ በሁለቱም ደብር፣ ለሦስት እሑድ በምእመናን ፊት ይነገር አልነበረም? ባለፈው በጋ ለዚያ ለካናዳው ሰውዬ ያስረዳሽው አንቺ አይደለሽ?"

ሚና እጇ መሳቢያው ላይ እንዳለ ቀረች። ስምንት ዓመት የፈለገችው በሴቲቱ ወገን ብቻ ነበር፤ የራሷ ሰዎች ስለ ሆኑ።

"ለሰው ሲሆን ነው የማውቀው" አለች።

የኬትነሱ ፊልም ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ማስመሪያዋን ከየመስመሩ በታች እያስጠጋች ወረደች። ቀትር ሳይሆን አገኘችው፤ ኅዳር 1840።

"ላክላን ሰዘርላንድ፣ ድንጋይ ጠራቢ፣ ከዚህ ደብር፤ ኤልስፔት ሜር፣ ከፖርትሌር ደብር። ሁለት እሑድ ተነገረ። ሦስተኛው ቀረ፤ ሰውየው ወደ ሙሽራዪቱ ሲሻገር ከሦስት ባልንጀሮቹ ጋር ሰጥሟልና።"

ጸሐፊው ያችን የመጨረሻ ሐረግ የመጻፍ ግዴታ አልነበረበትም። "ሦስተኛው ቀረ" ብሎ ቢያቆም ሥራውን ጨርሷል። ሚና ስሙን ስለማታውቀው ስለዚያ ሰው ዓይኗን ጨፍና እግዚአብሔርን አመሰገነች። አጭር ጸሎት ነበር። ከዚያ የማተሚያውን ቁልፍ ተጫነች።

ወንድሟ እጁን ጠርጎ ወረቀቱን ተቀበላትና ሁለት ጊዜ አነበበው።

"በኅዳር ያንን ባሕር በትንሽ ጀልባ?" አለ። "ሞኝ ነበር።"

"ሞኝስ ነበር። ፈርጣጭ ግን አልነበረም።"

"ኤልስፔት ታውቅ ነበር?"

"ሳታውቅ አልቀረችም፤ ለልጇም የነገረችው እሷ ትመስለኛለች። ያላመናት መንደሩ ነው።"

ላክላን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ኋላ ተነሥቶ ለሳንዲ ደወለ።

"ያ ስም፣ ካልረፈደባችሁ፣ ለልጁ ይሁን" አለ።

"አባባ፣ ለቄሱ እኮ ዴቪድ ብለን ነግረናቸዋል።"

"ቄሱን ለኔ ተውልኝ።"

ሚና አብራው ልትሄድ ኮቷን ስታነሣ፣ "አንቺ ቅሪ፣ የመዝገቡን ነገር ከ1855 ትጀምሪባቸዋለሽ" ብሎ ብቻውን ወጣ። ቄሱ በኋላ ለሚና እንደ ነገሯት፣ "ይግቡ" ቢሉትም አልገባም፤ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበላቸውና፣ "እሑድ ሕፃኑን በዚህ ሰው ስም ያጥምቁልኝ" ብሎ ቁልቁለቱን ወረደ።