ጉሮሮ የማን ነው?

ጉሮሮ የምግብ ነው ወይስ የአየር? ጥያቄው ሲሰሙት ያስቃል፤ መዝጋቢዋን ግን ከሥራዋ ሊያፈናቅላት ምንም አልቀረውም ነበር።

መዝጋቢዋ የምትሠራው በሕክምና ትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣ የውሃ ቧንቧዎች በጣሪያው ሥር በሚያልፉበት ጠባብ ክፍል ነው። የሰውን አካል ክፍሎች ኮምፒውተር ላይ በየሥርዓታቸው ትመድባለች፤ ኩላሊትን ከሽንት፣ ጨጓራን ከምግብ። ተማሪ “አየር በየት ያልፋል?” ብሎ ሲጠይቅ መዝገቡ መንገዱን በቅደም ተከተል ያሳየዋል። ግሩም ሥራ ነው! ችግሩ ፕሮግራሙ ለአንድ ክፍል የሚፈቅደው አንድ ጌታ፣ ማለትም አንድ ሥርዓት ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጉሮሮ ላይ ስትደርስ አንድ ብልሃት ዘየደች፤ አንዴ ከምግብ ሥር፣ አንዴ ከአተነፋፈስ ሥር፣ ሁለት ጊዜ መዘገበችው።

በግምገማው ቀን ኃላፊው ሐኪም በስድስት ባልደረቦቹ ፊት የፕሮግራሙን መቁጠሪያ ተጫነ። ጉሮሮ፦ ሁለት።

“እንኳን ደስ ያላችሁ!” አለ። “መዝጋቢያችን ባለ ሁለት ጉሮሮ ሰው ወልዳልናለች።”

“አንዱ ለመብሊያ፣ አንዱ ለመለፍለፊያ ይሆናላ” አለ ሌላው ከጥግ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

“እስከ ሐሙስ አንዱን ሰርዢ። እምቢ ካልሽ ያው ካርድ ክፍልሽ ይጠብቅሻል።”

ካርድ ክፍል ቀድሞ የበሽተኞችን ካርድ ስትደረድር ዘጠኝ ዓመት አቧራ የቃመችበት ነው። በማግስቱ በሯ ላይ በጠመኔ “ባለ ሁለት ጉሮሮ” ተብሎ ተጽፎ አገኘች። በእጅጌዋ ጠረገችው።

የትኛውን ትሰርዝ? ከአተነፋፈስ ብታወጣው አየሩ ከአፍንጫ ተነሥቶ አየር ቧንቧ ውስጥ ዘሎ ሊገባ ነው። ከምግብ ብታወጣው ደግሞ የሚዘለው የታኘከው ምግብ ነው።

ረቡዕ ከሥራ እንደተመለሰች፣ ያሳደገቻት አክስቷ ውሃ ስትጠጣ ትን አላት።

“ምን ያስፈጥጥሻል? ጀርባዬን ምቺልኝ እንጂ!”

“እትዬ፣ ውሃው የት ገባብሽ?”

“የት ይገባል? በትንፋሼ መንገድ ነዋ! ደሞዝ እየበላሽ የገዛ ጉሮሮሽን አታውቂውም?”

ጀርባዋን እየመታች ሳለ ገባት። ትን የሚለን እኮ ጉሮሮ አንድ ስለሆነ ነው! ሁለት የሆነው ሥራው ነው። እሷ ግን መገኛንና ሥራን ደባልቃ ነበር። መገኛው አንድ፣ አንገት ነው፤ እዚያ አንድ ጊዜ ይመዘገባል። “ለዚህ ይሠራል” የሚል መስመር ግን ሁለትም ሦስትም ቢጨመርለት ፕሮግራሙ አይከለክልም።

ሐሙስ ኃላፊው መጣ።

“አንዱን ሰርዢ ነው ያልኩሽ፤ ይሄ መስመር ምንድነው?”

“ይቁጠሩት ዶክተር፤ አንድ ነው።”

ቆጠረ፤ አንድ። የአየሩን መንገድ ጠየቀ፤ ሳይቋረጥ ሳንባ ደረሰ። የምግቡም ጨጓራ ደረሰ። ፊቱ ግን አልተፈታም።

“ብልጥ ሆነሻል። እስቲ ደም ለማን ነው የማይሠራው? በዚህ አያያዝሽ ሁሉን ከሁሉ ቋጥረሽ የሸረሪት ድር ልታስረክቢኝ ነው። ድንበሩ የት እንደሆነ በሁለት ሳምንት አሳዪኝ።” የካርድ ክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረው። “ከአሁኑ ልመጂው።”

ንቀቱን እንተወውና ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እሷም አልካደችውም።

መጀመሪያ የሞከረችው መለኪያ “ክፍሉ ከአካል ቢወጣ ሥራው ይቆማል ወይ?” የሚል ነበር። ደም ሲወጣ ሁሉም ስለሚቆም ይሄ ወደቀ። አሁን የያዘችው ሌላ ነው፤ ክፍሉ ሥራውን ራሱ ይሠራል ወይስ ሠራተኛውን ይቀልባል? ለግንበኞች ምሳ የሚያበስል ሰው ግንበኛ አይደለምና። በዚህ መለኪያ ጉሮሮ ከሁለት መስመሩ ጋር አለፈ። ቆሽትም አለፈ፤ ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽም፣ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ሆርሞንም የሚያመነጨው ራሱ ነው። ደም ግን ጨጓራን ቀላቢ ብቻ ስለሆነ “ለምግብ ይሠራል” የሚለው መስመር ተነሣበት።

አምስት ቀን ቀርቷታል። የኃላፊውን ቁልፍ ወረቀቷ እንዳይበር መጫኛ አድርጋዋለች። ከሥሩ ያለው ወረቀት ሦስት ጊዜ ተሰርዞ ሦስት ጊዜ ተጽፎበታል፤ ከሳንባ አየር ተሸክሞ የሚሄደው ደም፣ ለአተነፋፈስ ቀላቢ ነው ወይስ ሠራተኛ?