የባሕታዊው ጥና

ልጅ ሳለሁ፣ ጋፋት አጠገብ ባለው ቤታችን፣ ማታ እሳቱ ወርዶ ፍም ሲሆን አባባ፣ የእናቴ አባት፣ ስለ አንድ ባሕታዊ ያወሩልን ነበር። የቅድመ አያታቸው ወንድም ነው አሉ፤ ዛሬ ገብስ በምንዘራበት ማሳ ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ ጥሬ እየቆረጠመ፣ ሲያጥንና ሲጸልይ የኖረ። ምስክሩም በእጃቸው ነበረ፤ ሲያርሱ ያገኙት፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ትንሽ የሸክላ ጥና። ያኔ ኩራዙን አስጠግተው በውስጡ የቀረውን ጥቀርሻ ያሳዩንና «የዕጣን ነው» ብለው ይሳለሙታል፤ እኛም በተራ እንሳለመዋለን።

ከልጆቹ ሁሉ እንደኔ ያንን ወግ የሚወድ አልነበረም። ክረምቱ ሲወጣ ጎርፍ ያጠበውን ማሳ እየዞርሁ የባሕታዊውን ዕቃ እፈልግ ነበር፤ አገኘሁም። ያውም አምስት፣ ሁሉም እንደዚያው ጥና። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለአባባ ሳላሳይ ወደምማርበት ደብረ ታቦር ይዣቸው ሄድሁና የባሕታዊው ናቸው ብዬ ለታሪክ አስተማሪያችን ሰጠኋቸው። አስተማሪው አንዱን እያገላበጠ አየና በጎኑ ያለውን ቀዳዳ አሳየኝ። ሸንበቆ የሚሰካው እዚህ ነው አለ፤ እንዳይሰነጠቅ ዙሪያውን አወፍረውታል።

«ለመሆኑ አንድ ባሕታዊ ስንት ጥና ነው ያለው?» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ይሄ ጋያ ነው፤ የትምባሆ ማጨሻ። ድሮ እዚያ ብረት ያቀልጡ የነበሩት ሰዎች የጣሉት ይሆናል።»

ክው አልሁ። በእኛ አገር ትምባሆ የያዘ ሰው ከደጀ ሰላም አይደርስም፤ እኛ ደግሞ ስንሳለመው ኖረናል።

ቅዳሜ ቤት ስገባ አባባ ጥናውን ለደብሩ ሊሰጡ ቆርጠዋል፤ በሳምንቱ ለሚውለው ንግሥ። እንደዚያ ሲደሰቱ አይቻቸው አላውቅም። ልነግራቸው ሁለት ጊዜ አጠገባቸው ተቀመጥሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ወጉን ጀመሩልኝ። ብናገር ወጉ የሚቀር መሰለኝና ሆድ ይፍጀው አልሁ። ፈሪ ነበርሁ፣ ሌላ ስም የለውም።

በንግሡ ዕለት በነጭ ነጠላ ጠቅልለው፣ ሕዝቡ ፊት፣ ለአንድ ሽማግሌ ቄስ አቀረቡ። ቄሱ ቀዳዳውን አዩ፣ አሸተቱት፤ ከዚያ ቀስ ብለው፣ ትምባሆ ማጨሻ ይዘው ቤተ መቅደስ እንደምን እንደመጡ ጠየቋቸው። ከኋላ ሰው ሳቀ። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ፤ ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

ሲመሽ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ አባባ።»

አመኑኝ።

ከዚያ ወዲህ ወግ አላወሩም። ባሕታዊው ራሱ ከልቤ እየደበዘዘ ነው፤ ምን ይበላ እንደነበር እንኳ ለልጆቼ ስነግር እሳሳታለሁ። አባባ ተቆጥተውኝ፣ በአለንጋም ገርፈውኝ ቢሆን ዛሬ ይቀለኝ ነበር። ጎረቤት ያንን ቀን ባነሳ ቁጥር ግን ወደኔ እያመለከቱ፣ «ይቺ ልጅ ብታውቅ ኖሮ ለሰው መሳቂያ አትሰጠኝም ነበር» ይሉ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ እንዲህ አሉ፤ እኔም እስኪሞቱ ድረስ ጭጭ አልሁ።