ኮንቴይነር ውስጥ የቀረው የእድር ድንኳን

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ የጭነት መኪና ወደ ግቢያችን ገብቶ ሰማያዊ ኮንቴይነር ጥግ ላይ አወረደ። ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ወጣት ባልና ሚስት ቤታቸውን ሊያሳድሱ ነው። እድሳቱ እስኪያልቅ እቃቸውን እዚያ ውስጥ ቆልፈው ዘመድ ቤት ይሰነብታሉ። ዘንድሮ እንዲህ ያለው ነገር በስልክ ይታዘዛል። ብረቱ ደጅ ድረስ ይመጣል፤ ሞልተው ይቆልፉታል፤ ቤት ከቀየሩም እንደታሸገ ተነስቶ ይከተላቸዋል። ነገሩን ወድጄዋለሁ። በየመኪናው ላይ እቃ ሲሰበርና ሲጠፋ ብዙ አይቻለሁ።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝና፣ "ጋሼ፣ እስቲ ይምከሩን! ምን ይግባ መጀመሪያ?" አለኝ።

"ቶሎ የምትፈልጉትን በሩ ጋ አስቀሩት" አልኩት።

"ቶሎ የምንፈልገው ምን እንደሆነ በምን እናውቃለን?" ብላ ሚስቱ ሳቀች።

እውነቷን ነው። እኛም አላወቅንም ነበር።

ሰፈራችን ሊፈርስ እቃችንን ያሰርን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበርኩ። ሪፖርተር ሆኜ ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። ከእናቴ ጋር የምንኖረው ዛሬ ሕንፃዎቹ በቆሙበት ቦታ፣ በአሮጌው የልደታ ሰፈር፣ ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙ የጭቃ ቤቶች ውስጥ ነበር። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" የምንለው ከየቤታችን ሆነን ነው። ሰፈሩ ሊፈርስና ኮንዶሚኒየም ሊሠራበት መሆኑ ሲነገረን ሁሉም ጊዜያዊ ኪራይ ቤት ፍለጋ ተበተነ። የሚገኘው ቤት ደግሞ ባብዛኛው አንድ ክፍል ነበር። ቁምሳጥን ከገባበት ሰው አይገባበትም።

መላ ያመጡልን ጋሽ ከድር ናቸው። ጋሽ ከድር አብነት አካባቢ የብየዳ ቤት ያላቸው፣ የእድራችን ነባር አባል ነበሩ። በግቢያቸው ውስጥ ብረታ ብረት የሚያስቀምጡበት ረጅም ኮንቴይነር ነበራቸው። አንድ እሑድ ባዶ አደረጉትና፣ "ብቻውን ከሚዝግ የጎረቤት እቃ ታቅፎ ይዛግ፤ አምጡ" አሉን።

እቃችንን የጫንነው በጋ ላይ፣ አቧራው እንደ ዱቄት በሚቦንበት ጊዜ ነው። ጭነቱን የሚያዙት ጋሽ ተሰማ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው በቅርቡ ጡረታ የወጡ፣ ሆዳቸው ትንሽ የገፋ፣ ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው። "ከባዱ ወደ ውስጥ! መስታወቱን በፍራሽ መሀል! አንተ ጋዜጠኛ፣ ዜናውን ተውና ያንን በርሜል ግፋ!" እያሉ ያንባርቃሉ። ቁምሳጥን፣ ብፌ፣ የብረት አልጋ፣ ጆንያ ውስጥ የታሰረ ድስት ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። እያንዳንዱ ቤት እቃውን በአንሶላና በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በሲባጎ ጠፍሮ አምጥቷል። አቧራውን ብቻ ፈርተን አልነበረም። የቤት ገመና ነው። ለዓመታት ግድግዳ ተጋርተን ብንኖርም፣ ሶፋችን በዳንቴል የተሸፈነው ምን ለመደበቅ እንደሆነ ማንም እንዲያይ እናቴ አትፈልግም ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን የእድሩ እቃ መጣ። ድንኳኑ ከነብረቱ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ትልልቆቹ ብረት ድስቶች። የእድሩን ንብረት የሚይዙት እትዬ አስካለ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ሰው የሚታዘዛቸው ሴት። "የጋራው ይቅደም" አሉ።

"አስካለ፣" አሉ ጋሽ ተሰማ፣ "መጀመሪያ የገባ መጨረሻ ነው የሚወጣው። ይሄ የሹፌር ሕግ ነው።"

"የእኛ ሕግ ደግሞ ሌላ ነው። የግል እቃ ውስጥ ገብቶ የእድር እቃ በር ላይ ሲወድቅ ማን አይቷል? ነውር ነው።"

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ልክ መስሎኝ ነበር። ክብር ያለው እቃ ወደ ውስጥ፣ ወደማይነካበት ቦታ ነው የሚገባው። ጋሽ ተሰማ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉና ለሁላችንም እንዲሰማ፣ "እንግዲህ ስሙ! ኮንዶሚኒየም እስክንገባ መሞት ክልክል ነው። ለመሞት ያሰበ ካለ አሁኑኑ ይናገርና ድንኳኑን ውጭ እንተውለት!" አሉ። ሚስታቸው እትዬ ደስታ፣ "አፍህን!" ብለው በነጠላቸው ጫፍ መታ አደረጓቸው። ግቢው በሳቅ ተሞላ። መጨረሻ ላይ የእኛ ሶፋ በሩን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ገባና ተቆለፈ።

ክረምቱ ሲገባ ጋሽ ተሰማ ሞቱ። ለጥቂት ቀናት ደረታቸውን አሟቸው ነበር አሉ። የሞቱት ከከተማው ዳር፣ እሳቸውና እትዬ ደስታ በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እናቴ በጠዋት ተነስታ ነገረችኝና በታክሲ ወደ አብነት ሄድን። ከመንገዱ ዳር በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶች ምድጃቸውን በላስቲክ ከልለዋል። ሰማዩ ተደፍቷል። የድሮው ሰፈራችን በቆርቆሮ ታጥሮ በቀዳዳው የሚታየው የፈረሰ ጭቃ ብቻ ነበር።

ከጋሽ ከድር ግቢ ስንደርስ ብዙ የሰፈር ሰው ተሰብስቦ ቆሟል። ጉዳዩ ቶሎ ገባኝ። የእትዬ ደስታ አከራዮች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ግን አያውቋቸውም። ግቢያቸው ጠባብ ነው፣ ድንኳን አይጣልበትም ብለዋል። እትዬ ደስታ እዚያ አካባቢ ያለ እድር ውስጥም አልገቡም። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቀብር መልስ እትዬ ደስታ ወደ ባዶ የኪራይ ክፍል ገብተው ብቻቸውን ሊቀመጡ ነው፤ ሰፈር የሌለው ሰው እንደሚያዝነው። ይህ እንዳይሆን ድንኳኑ ጋሽ ከድር ግቢ ውስጥ መቆም አለበት። ድንኳኑ ደግሞ ከሁላችንም የቤት እቃ ጀርባ፣ ከኮንቴይነሩ ወዲያኛው ጫፍ ነው።

አንድ ሰው፣ "አታስጨንቁ፤ ድንኳን የሚያከራይ ሞልቷል" አለ። ምክንያታዊ ሐሳብ ነበር። ዝናቡም እየመጣ ነው፤ እቃ ማውጣት ማለት የሰው ፍራሽ ማበስበስ ማለት ነው። ብዙዎቹ በእፎይታ ተያዩ።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እያሰሩ ነበር። "ተሰማ በኪራይ ቤት ሞተ" አሉ። "በኪራይ ድንኳን ደግሞ አናለቅስለትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስገቡ ያልኩት እኔ ነኝ። ግን እቃው የየራሳችሁ ነው፣ አላዛችሁም።"

በሩ ላይ ያለው የእኛ እቃ ነበር። እናቴን አየኋት። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ የኮንቴይነሩን በር ታያለች። ምን እንደምታስብ አውቃለሁ፤ ሶፋውን ነው። እናቴ ድሃ መሆኗን ሳይሆን መታየቱን የምትፈራ ሴት ነበረች።

"ከድር፣" አለች በመጨረሻ፣ "ክፈተው። የእኔ ይቅደም።"

ጋሽ ከድር የበሩን ዘንግ ነቅለው ሁለቱን መዝጊያዎች ወለል አደረጓቸው። የታፈነ የእንጨትና የናፍታሊን ሽታ ወጣ። ሶፋውን እኔና አንድ ጎረቤት ይዘን ስናወጣ አንሶላው በበሩ ጫፍ ተያዘና ከነዳንቴሉ ተገፈፈ። ጀርባው ተቀዶ የእርዳታ ስንዴ ጆንያ የተሰፋበት ሶፋ በሰው ሁሉ ፊት ቆመ። እናቴ ለመሸፈን አልሞከረችም። "አትቁሙ፣ ቀጣዩን አውጡ!" አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙ ጊዜ አስታውሰዋለሁ። በስልክ የተጠሩት ከየተበተኑበት እየመጡ፣ ማንም "ቀስ በል የእኔን" ሳይል፣ ሁሉም የራሱን ቤት በራሱ እጅ ማፍረስ ጀመረ። ብፌ ወጣ። በሽቦ የታሰረ አልጋ ወጣ። ሁልጊዜ ኩሩ ሆና የምናያት አንዲት ጎረቤታችን ቁምሳጥኗ ሲከፈት ውስጡ ባዶ ሆኖ ታየ። "ምን ታያላችሁ? ልብሱ ገና እየተሰፋ ነው!" አለች። በለቅሶ ቀን የሳቅነው ያኔ ነው፤ እሷም አብራን ሳቀች። ጋሽ ከድር በአፋቸው ዱዓ እያደረጉ በትከሻቸው በርሜል ይሸከማሉ። ለቀብር የሚሄዱት ሄዱ፤ እኛ ቀጠልን።

ድንኳኑ ጋ ሲደረስ ካፊያው ጀምሮ ነበር። ብረቱን አቁመን ሸራውን ስንወጥር ዶፉ ወረደ። ያኔ ችግር መጣ፤ የሰው ሁሉ እቃ ሜዳ ላይ ነው። ወደ ኮንቴይነሩ መልሶ ለመደርደር ጊዜ የለም። እትዬ አስካለ ከቀብር ከሰው ቀድመው ተመልሰው ነበርና የግቢው በር ላይ ቆመው አንዴ ወደ እቃው፣ አንዴ ወደ ድንኳኑ አዩ።

"ወደ ድንኳኑ አስገቡት" አሉ።

"ሁሉንም? ለቀስተኛው የት ይቀመጣል?" አለ አንዱ።

"እቃው ላይ ነዋ! ወንበር ምን ያደርጋል?"

እየተሯሯጥን አስገባነው። ቁምሳጥኖቹን በድንኳኑ ዙሪያ ግድግዳ አስመስለን አቆምናቸው። አልጋና ሶፋው መቀመጫ ሆነ። ከውስጥ ከወጡት እቃዎች መካከል የጋሽ ተሰማና የእትዬ ደስታ ፍራሽም ነበር። እትዬ አስካለ አዩትና ከፊት ለፊት መሬት ላይ አነጠፉት፤ ከጎኑ ደግሞ ጋሽ ተሰማ ማታ ማታ ደጃቸው ላይ ቁጭ የሚሉበትን ዝቅ ያለ ዱካ አስቀመጡ።

ለቀስተኛው በጥላ ተጨናንቆ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ ደረሰ። እትዬ ደስታ ሁለት ሴቶች ደግፈዋቸው ገቡ። አንድ እርምጃ ገቡና ቆሙ። የእኛን ሶፋ አዩ። የጎረቤቶቻቸውን ብፌ፣ አልጋ፣ ሳጥን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ፍራሻቸውን አዩና ተቀምጠው በእጃቸው ዳሰሱት። ከጠዋት ጀምሮ እንባ እንዳልወጣቸው ሰዎች ነግረውን ነበር።

"ተሰማ፣" አሉ፣ "ተሰማዬ፣ ሰፈራችን መጣ። እይ፣ ሁሉም ቤታቸውን ይዘው መጥተዋል።" ከዚያም ጮኸው አለቀሱ። ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። ዝናቡ ሸራውን ሲደበድብ ከጥግ በኩል የእድሩ ብረት ድስት ላይ ንፍሮ እየተንተከተከ ነበር።

በሙያዬ ብዙ የተደራጀ ነገር አይቼ ዘግቤአለሁ። ጥሩ እቅድ ያላቸው፣ በሰዓቱ የሚፈጸሙ ሥራዎች። እንደዚያ ቀን ግን በስህተት ተጀምሮ እንደዚያ የተቃና ነገር አላየሁም። ድንኳኑ በሩ ላይ ቢሆን ኖሮ በቀላሉ አውጥተን እንተክለው ነበር፤ እትዬ ደስታም በባዶ ድንኳን ውስጥ በአግዳሚ ላይ በተቀመጡ ሰዎች መካከል ያለቅሱ ነበር። ያም ቢሆን በቂ ነበር። ያገኙት ግን ከዚያ በላይ ነው። ገመናዬን ሰው አይይብኝ ሲል የኖረ ሰፈር ሁሉ፣ ለአንዲት ሴት ሲል ቤቱን ገልብጦ ዝናብ ላይ አወጣው። በሰልስቱ እቃውን መልሰን ስንጭን ፍራሻችን እንደረጠበ ነበር። እናቴ ሶፋው ላይ ዳንቴሉን አልመለሰችም።

አሁን እናቴም እትዬ አስካለም የሉም። ጋሽ ከድር አርጅተው ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እድሩ ግን ከነአብዛኛው አባሉ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ አለ፤ ከሌላ ሰፈር የመጡም ገብተውበታል። ሰው ከቦታ ቦታ ሲዛወር ምን ይዞ እንደሚሄድ መጠየቅ የሥራዬ አንዱ ክፍል ሆኖ ኖሯል። የብዙዎች መልስ አልጋ፣ ቴሌቪዥን፣ የልጆች ልብስ ነው። እኔ ግን ቤት የሚባለው ነገር፣ ሲጨንቅ የሰው እቃ ላይ መቀመጥ መቻል እንደሆነ የተረዳሁት በዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ይህንን በኮንቴይነር መጫን ይቻላል፤ እኛ ጭነነዋል።

የድንኳኑ ያዥ ዛሬ እትዬ ደስታ ናቸው። ራሳቸው ለምነው ነው የወሰዱት። ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ቤታቸው ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ፣ መተላለፊያውን ግማሽ ይዞ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ እግሬን መታኝና፣ "እትዬ፣ ወደ ጓዳ ላስገባልዎት? ሰው ይጥላል እኮ" አልኳቸው።

"ተወው እዚያው" አሉኝ። "ሊጠይቀኝ የመጣ ቢሰናከል ይስቃል፣ ይነሳል። የሞተበት ሰው ግን በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም።"