የሙኒር ቀይ ብስክሌት

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ሰመራ፣ የመሥሪያ ቤታችን ወጣት ሰሎሞን አዲስ ብስክሌት ገዝቶ መጣ። ዋጋውን ሲነግረን የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ሁሉ አፋችንን ያዝን። እሱም ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ማለዳ ማለዳ አስፋልቱ ላይ የሚነዱት ልጆች ሲያዩት ምን የሚሉ እንደሚመስለኝ ጠየቀኝ። ምንም አይሉም አልኩት። ቅናት መሰለው፤ ፈገግ አለ። ይምሰለው። እኔ ይህን ነገር ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ አዋሽ ሰባት ላይ ጨርሼዋለሁ።

አባቴ የምድር ባቡር በያጅ ነበር። ብስክሌታችንን ከሦስት አሮጌ ብስክሌቶች አገጣጥሞ የሠራው ራሱ ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ከኋላው የዕቃ መጫኛ ያለው። ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ይንኳኳል። በዚያ ላይ ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ማየት ለብዙው ሰው መሳቂያ ነበር። የተሳቢ ሾፌሮች ጥሩምባ እየነፉብኝ ያልፋሉ፤ ጎረቤቶች እናቴን ይመክራሉ። እኔ ግን አልተውኩም። የአዋሽን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል፤ ቅጠል በማይንቀሳቀስበት ከተማ፣ የራስን ነፋስ በራስ እግር መሥራት ቀላል ነገር አይደለም።

እሑድ እሑድ አብረን የምንወጣ አምስት ነበርን። መሪያችን የስፖርት መምህሩ ታደሰ ነበር። ከመካከላችን የባለሱቅ ልጅ የሆነው ሙኒር፣ አጎቱ ከጅቡቲ በገላፊ በኩል ያስገባለት የውድድር ብስክሌት ነበረው። ቀይ፣ ጎማው ቀጭን፣ በአንድ እጅ የሚነሣ።

መጋቢት ላይ የአዳማ ብስክሌተኞች ከአሠልጣኛቸው ጋር እንደሚመጡ ሰማን። አብረውን አዋሽ አርባ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ከመካከላችንም አንድ ሰው መርጠው ለልምምድ ይወስዳሉ ተባለ። እንቅልፍ አጣሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሙኒር ሁሉም ባሉበት ነገ እንዳልመጣ ነገረኝ።

«ያንቺ ብስክሌት እኮ ጀሪካን መጫኛ ነው» አለኝ። «እንግዶቹ በአንቺ ምክንያት ሁላችንንም ይንቁናል።»

ከእሱ ይልቅ ያቃጠለኝ የመምህር ታደሰ ዝምታ ነበር። ጫማውን እያየ ቆመ። ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው፣ ሰንሰለቱን ዘይት እየቀባ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ፍሬኑን አጥብቄልሻለሁ» አለኝ።

እሑድ ማንንም ሳላስፈቅድ ባቡር ጣቢያው ጋ ተገኘሁ። የአዳማ ልጆች ሙኒርን ከበውት ነበር። ብስክሌቱን ያነሣሉ፣ ማርሹን ይነካካሉ፣ ስንት እንደተገዛ ይጠይቃሉ። እኔን ቀና ብሎ ያየኝ የለም። አሠልጣኙ ጋሽ በቀለ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ቀጭን ሰው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ጥግ ይዘው ሻይ ይጠጡ ነበር።

ዘጠኝ ሆነን ተነሣን። ስንሄድ ነፋሱ ከፊት ነበር፤ የምድጃ አፍ የከፈቱብን ይመስል ነበር። የናፍጣና የጋለ አስፋልት ሽታ ጉሮሮዬን ይዞኝ፣ አዋሽ አርባ የደረስኩት ከሁሉም ኋላ ነው። ሐብሐብ ተቆርጦ ቀረበልን። ከተቀመጥኩ የምነሣ ስላልመሰለኝ ቆሜ በላሁ፤ ውሃው በክርኔ ይንጠባጠብ ነበር። በመልሱ ጉዞ ግን ነፋሱ ከኋላችን ሆነ፣ እኔም ተናድጄ ነበር። አንዱን አለፍኩ፤ ሁለተኛውን አለፍኩ። አራተኛ ገባሁ። አንደኛ የገባው ሙኒር ነው።

ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የአዳማ ልጆች እርስ በርሳቸው፣ በዚያ ብስክሌት ማን የማይቀድም አለ ሲባባሉ ሰማሁ። ሙኒርም ሰምቷል። ያን ጊዜ ጋሽ በቀለ ጠሩኝና በሙኒር ብስክሌት እስከ ገበያው ደርሼ እንድመለስ አዘዙኝ። ሙኒር በእንግዳ ፊት እንቢ ማለት አልቻለም።

አልዋሽም፣ ድንቅ ብስክሌት ነበር። ፔዳሉን ነካ ሳደርገው ይሄዳል፤ የተሸከመኝ ነገር ያለ አይመስልም። ተመልሼ ወረድኩ።

«እንዴት ነው?» አሉኝ ጋሽ በቀለ።

«ግሩም ነው» አልኳቸው። «ግን አዋሽ አርባ አድርሶ የመለሰኝ የአባቴ ብስክሌት ነው። የሚወስዱኝ ከሆነ ከእሱ ጋር ነው የምመጣው።»

ልጆቹ ሳቁ። ጋሽ በቀለ አልሳቁም። ስሜን ከነአባቴ ጽፈው፣ በሚቀጥለው እሑድ አዳማ እንድመጣ ነገሩኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሙኒር ግድግዳ ሥር ቁጭ ብሎ ብስክሌቱን ይወለውል ነበር።

«አንደኛ የገባሁት እኔ ነኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስንት እንደተገዛ ሁሉም ጠየቁኝ። ስሜን የጠየቀኝ የለም።»

ጎበዝ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሲለማመድ አይቼዋለሁ። ግን የትናንቱ ቃሉ ገና ከልቤ አልወጣም ነበርና አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ብስክሌቴን እየገፋሁ ሄድኩ። ከዚያ ቀን የሚቆጨኝ ይህ ብቻ ነው።

አዳማ ሁለት ዓመት ተለማመድኩ። በኋላ የተሻለ ብስክሌት ሲሰጡኝም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ፤ ድህነትን ማስጌጥ አልወድም። ከሦስተኛ በላይ ወጥቼ ባላውቅም፣ ጉልበቴ እስኪታመም ድረስ ማንም ቦታ ነሥቶኝ አያውቅም።

ውድ ብስክሌት አያስደንቅም አልልም። አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪያልቅ ያስደንቃል። ከዚያ መንገዱ ይጀመራል፤ ብስክሌተኛም ሌላውን ብስክሌተኛ የሚያየው ዳገት ላይ ነው። ዛሬም ፀሐይዋ ሳትበረታ እወጣለሁ። በዚህ ዕድሜዋ፣ ያውም ሴት ሆና የሚሉ አሉ፤ ይበሉ። ለሰሎሞን ነገ ማለዳ አብረን እንድንወጣ ነግሬዋለሁ። ነፋሱ ፊት ለፊት በሚመታበት በኩል ነው የምወስደው።