በኩባያ የቀረበልኝ ባሕር

አስተናጋጁ ከዓሣው ጋር ጨው ሲያቀርብልኝ አባቴ ትዝ አለኝ። ምጽዋ ወደብ ይሠራ ነበር። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ባሕር ሊያሳየኝ ቃል ገብቶ ነበር፤ ያመጣን ግን እዚሁ ሀዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ወደተከራያት ጎጆ ነው።

«ይሄ ባሕር አይደለም፤ ባሕር ጨው ጨው ይላል» ብዬ አለቀስኩ።

ከሐይቁ በኩባያ ቀድቶ ጨው በጠበጠበት። «ቅመሺ እመቤቴ፣ ይኸው ባሕር!»

ቀመስኩና አመንኩት።

«ምጽዋ የማትወስደን ማን እንዳያየን ነው?» አለችው እናቴ። የጦርነት ጊዜ ስለነበር ወታደሮቹን ማለቷ መሰለኝ።

አባቴ ቀብር ላይ፣ ምጽዋ የወለዳቸውን ሁለት ልጆች ተዋወቅኩ፤ ታላቁ እኩያዬ ነው። ባሕር ላይ ዋና ያስተማራቸው አባቴ ራሱ እንደሆነ ነገሩኝ።

እኔ እስካሁን ባሕር አላየሁም።

«ጨው ልጨምርልዎት እናቴ?» አለኝ አስተናጋጁ።

«ይበቃኛል፤ በልጅነቴ ጠጥቻለሁ።»