የታሰረችው ግራ እጄ

ባለፈው እሑድ ሞጣ ውስጥ አንድ ቁርስ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ አጠገቤ ያለች እናት የልጇን እጅ ቸብ አድርጋ «በቀኝህ!» አለችው። ልጁ የጠቀለላትን ፍርፍር ጣለ። የተመታው እሱ ነው፤ ከጠረጴዛው ሥር እጄን የሸሸግሁት ግን እኔ ነኝ።

ግራኝ ሆኜ ነው የተወለድሁት። አባባ ቢቸና ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፍተው፣ ገበታ በቀረበ ቁጥር ግራ እጄን ከተው ያስሩልኝ ነበር። ክፋት አልነበረም፤ ሰው ፊት እንዳላፍር ብለው ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ በቀኜ እበላለሁ፣ በቀኜ እጽፋለሁ። ሽንኩርት ስከትፍ ብቻ፣ ማንም ከሌለ፣ ቢላዋው ወደ ግራዬ ይዞራል።

አባባን ሕመም የመታቸው ከተመለስሁ በኋላ በመጣው መስከረም መጨረሻ፣ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ነበር። አባባ ከጎረቤታችን ከአያ ሞላ ጋር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እሸት በቆሎ ይበላሉ። በድንገት በቆሎው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ምን ሆኑ ብንላቸው አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሞ፣ ንግግራቸው ተኮላተፈ።

«ምች ነው! ላቡ ሳይደርቅ ፀሐይ ገርፎት ነው» አሉ አያ ሞላ። «ዳማከሴ ጨምቃችሁ እሹት!»

እናቴ ወደ ጓሮ ሮጠች። እኔ በትልልቅ ሰው ፊት ቃል መተንፈስ የሚያስጨንቀኝ ሰው ነኝ። ግን ዩኒቨርሲቲ ሳለን አብራኝ የምታድር የጤና ተማሪ ለፈተና ጮክ ብላ የምታጠናው ትዝ አለኝ፤ ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲያዝ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት።

«አባባ፣ ሁለቱንም እጅዎን ያንሡልኝ» አልኋቸው። ግራው ወጣ። ቀኙ ጭናቸው ላይ ቀረ።

«ምች አይደለም፣ ስትሮክ ነው! ውኃም እንዳትሰጧቸው፤ መኪና ጥሩ!»

«ይቺ ልጅ ለካ ድምፅ አላት!» እያሉ አያ ሞላ ወጡ። እናቴ ዳማከሴዋን እንደ ጨበጠች ተሳፈረች፤ በዚያ አቧራማ መንገድ እስከ ሞጣ ሆስፒታል ሽታው አልተለየንም።

ሐኪሙ ቶሎ መድረሳችን እንደ ጠቀመ ነገረን። ስንወጣም «ቀኙን በየቀኑ አሠሯቸው፤ እስኪበረታ በግራቸው ይብሉ» አለ። አንደበታቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። በግራ መብላትን ግን እምቢ አሉ። ስናጎርሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። በገዛ እጃቸው የሰፉት ሱሪ ሰፋቸው።

አንድ ቀን የንስሐ አባታችንና አያ ሞላ ሊጠይቁ መጥተው ምሳ ቀረበ። አባባ አልነካ አሉ።

«በግራህም ቢሆን ቅመስ እንጂ፤ ወይስ ከረጢቱን ፈርተህ ነው?» አሉ አያ ሞላ፣ ለማሳቅ ብለው።

ሰው ሳቀ። አባባ ወደ እኔ ቀና አሉ። «የልጄን ግራ አስሬ ያሳደግሁ ሰው፣ በየትኛው ፊቴ በግራዬ እበላለሁ?»

የደበቅሁት ሁሉ ገበታው ላይ የተዘረገፈ መሰለኝ። ጓዳ ገብቼ፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ሳልወጣ ቀረሁ።

በማግስቱ ጠዋት የንስሐ አባታችን ጠበል ይዘው ተመለሱ፤ አያ ሞላም ተከትለዋል። ፍርፍሩን በአንድ ትሪ አቀረብሁና ሁሉንም አስታጠብሁ። ከዚያ ጆጉን ለእናቴ ሰጥቼ ግራ እጄን ዘረጋሁላት። አየችኝና አፈሰሰችልኝ። ከአባባ ጎን ተቀምጬ በግራዬ ጎረስሁ። ፊቴ ነደደ።

«ያ ሁሉ ጉርሻ ነው?» አሉ አባባ። «ቀስ በይ፣ ያንቅሻል።» ግራ እጃቸውም ወደ ትሪው መጣች።

ሐፍረቱ ያን ቀን አልለቀቀኝም፤ ዛሬም አልለቀቀኝም። ሞጣ ቁርስ ቤቱ ውስጥም ግራ እጄን ያወጣኋት ግማሹን በቀኜ ከበላሁ በኋላ ነው። ልጁ አየኝ። እናቱም አየችኝ። አንገቴን ደፍቼ እስከ መጨረሻው በላሁባት።