በሁለት መሥሪያ ቤት መካከል የቀሩት ወራት

እኅቴን ሰፈሩ ሁሉ “ሲስተር” ነው የሚላት። እኔ “እትዬ” እላታለሁ፤ ታላቄ ናት፣ ብትሳሳትም ታላቄ ናት። አዋላጅ ነርስ ነበረች። ትምህርቱን የጀመረችው ባሏ ሞቶ ልጆቿ እጇ ላይ ከቀሩ በኋላ ስለሆነ፣ የመንግሥት ሥራ የያዘችው እኩዮቿ ጡረታቸውን ማሰብ በጀመሩበት ዕድሜ ነው።

አንድ የግትር ልማድ ነበራት። ከመጀመሪያው ክትትል ጀምሮ የተቀበለቻትን ነፍሰ ጡር እስክትወልድ ድረስ ለማንም አታስረክብም። ተረኛዋ ሌላ ብትሆን፣ ቀኑ እሑድ ቢሆን፣ ራሷ ጉንፋን ይዟት ብትተኛ፣ “የኔ ናት፣ ጥሩኝ” ትላለች። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝና ስትጠራ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ለእሷ ስል ስንቱን ተሳፋሪ መንገድ ላይ እንዳወረድኩ እኔና የሰደቡኝ እናውቃለን።

ጣጣው የመጣው ከጤና ጣቢያው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስትዛወር ነው። ጤና ጣቢያው መሸኛ ጻፈላት፤ ደመወዟንም ከዚያው ወር ጀምሮ ዘጋ። የሚተካት ሰው ግን አልተላከም፤ የጀመረቻቸው እርጉዞች ደግሞ ሆዳቸው እየገፋ ነው። የዚያን ጊዜው አለቃ “ሰው እስኪመጣ ማዋለጃ ክፍሉን ክፈቺልን” ብሎ ቁልፉን እጇ ላይ ተወው። ሆስፒታሉም በቃል “ጨርሰሽ ነይ” አላት። ሌላ ሰው መሸኛ ሲቀበል ሥራዬ አለቀ ይላል፤ እትዬ ግን ሥራ የሚያልቀው የመጨረሻዋ ስትገላገል ይመስላት ነበር። እነዚያን ወራት ቤቷን ያቆመው የኔ ታክሲ ነው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ትንሽ ለመመጻደቅም ነው።

ዓመታት አልፈው ጡረታ መውጫዋ ሲደርስ የጡረታ ቢሮው ኃላፊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አስረዳን። በየወሩ የሚከፈል ጡረታ የሚያገኘው አሥር ዓመት ያገለገለ ነው። የእሷ አሥር ዓመት የሚሞላው እነዚያ መካከል ላይ ያሉት ወራት አንዳቸውም ሳይጎድሉ ከተቆጠሩ ብቻ ነው። ካልተቆጠሩ ጥቂት ብር አንዴ ይሰጣትና ያ ነው፤ ቀሪ ዕድሜዋን እንዴት እንደምትኖር እሷ ታውቃለች። ቁልፉን የሰጣት አለቃም አብረዋት የነበሩትም ከተበተኑ ቆይተዋል፤ ጤና ጣቢያው “ሸኝተናታል፣ የጡረታ መዋጮዋ አይመለከተንም” ይላል። ሆስፒታሉ “እኛ ጋ ሪፖርት ያደረገችው ዘግይታ ነው” ይላል። ሁለት ቤት ያላት ሴት መንገድ ላይ አደረች ማለት ነው።

“እናቴ፣ ሠራተኛ ሲዛወር አንዱ አሠሪ ካቆመበት ሌላው ይቀጥላል፤ በመሀል ባዶ ጊዜ መኖር አልነበረበትም” አላት ኃላፊው። “ሥራ ላይ እንደነበሩ ከተረጋገጠ መዋጮውን ማስገባት ያለበት ያሠራዎት መሥሪያ ቤት ነው፤ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ግን አብሮዎት የሠራ ሰው መመስከር አለበት። ወንድም አይሆንም።”

“አብሬ የሠራሁት ከእናቶቹ ጋር ነው” አለች እትዬ።

“የሥራ ባልደረባ ማለቴ ነው።”

“ምጥ ላይ ሌላ ባልደረባ የለም፣ ልጄ። እሷ ትገፋለች፣ እኔ እቀበላለሁ።”

ሰውየው መነጽሩን አወረደ። “እሺ፣ ሦስት እናቶች ይቅረቡ” አለ።

እኔ በደስታ መሪውን እየደበደብኩ ስነዳ እትዬ ከጎኔ “አልጠራቸውም” አለችኝ።

“ለምን?”

“አዋልጄሻለሁና ነይ መስክሪልኝ ልበላት? ሞቼ ነው ቆሜ?”

“እትዬ፣ እርጅና እኮ መጣ።”

“ከመጣ ምን ላድርገው።”

ከእሷ ጋር መከራከር ግድግዳ መግፋት ነው። ቤቷ አወረድኳትና በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያው ሰፈር ነዳሁ። እዚያ አትክልት የምትሸጥ ሴት ነገሬን ሳታስጨርሰኝ “የዚያን ሰሞን የወለድኩት እኔ አለሁ አይደል እንዴ” አለችኝ። “ለሌሎቹም እነግራቸዋለሁ። አንተ ቀኑን ብቻ ንገረኝ።”

በቀጠሮው ቀን ሦስት ሰው ጠብቄ ሄድኩ። ኮሪደሩ ማለፊያ አልነበረውም። አትክልት ሻጯ፣ ከሥራ አስፈቅዳ የመጣች የባንክ ጥበቃ፣ ሜትሯን ከአንገቷ ያላወረደች ልብስ ሰፊ፣ ሌሎችም ሌሎችም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ይገፋፋሉ። እነዚህን ሁሉ እጇ ላይ ተቀብላ ወደዚህ ዓለም ያስገባች ሴት ነበረች ከጎኔ ተቀምጣ በየጉድጓዱ የምታማርረኝ። እትዬ አቀርቅራ “ምነው ሰው አስቸገርክ” ብላ ቆነጠጠችኝ።

ኃላፊው የእናቶቹን ቃል እየተቀበለ የየልጁን ስምና የተወለደበትን ቀን ጻፈ። የጤና ጣቢያው ተወካይ ክንዱን አጣጥፎ ያዳምጣል። መጨረሻ ላይ ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

“እስከዚህኛው ልጅ ድረስ ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሆስፒታል እስከገቡበት ድረስ የተወሰኑ ሳምንታት ይቀራሉ። ማንን አዋለዱ?”

እትዬ ዝም አለች።

“እናቴ፣ እሱ ካልተሞላ አሥር ዓመቱም አይሞላም።”

በእነዚያ ሳምንታትም በየቀኑ ጤና ጣቢያው በር ላይ አድርሻታለሁ፤ ለምን እንደምትሄድ ግን ነግራኝ አታውቅም። ጉልበቷን ነካ ባደርጋት እጄን ገፋችው።

“እኔን” አለች በሩ አጠገብ የቆመች ሴት። ልጅ አልያዘችም። “የኔ ልጅ ሲወለድ አላለቀሰም። ከዚያ ትኩሳት ጣለኝ፤ ቤት መመለስም አልፈለግሁም። በየቀኑ ክፍሉን ከፍታ ስታጥበኝ፣ ስታበላኝ ሰነበተች። ወደ ሆስፒታል የሄደችው እኔ ስነሳ ነው።”

“ይሄማ ማዋለድ አይደለም” አለ ተወካዩ።

“እና ምንድን ነው?” ሴትየዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “ክፍሉ የእናንተ፣ አልጋው የእናንተ፣ ቁልፉን የሰጣችኋትም እናንተ።”

ኃላፊው “ሥራ ላይ ነበሩ። መዋጮውን ጤና ጣቢያው ያስገባል” ብሎ ወሰነ። በቃ፤ እኅቴ የዕድሜ ልክ ጡረተኛ ሆነች።

“ለምን ዝም አልሽ?” ብዬ በጆሮዋ ጠየቅኳት።

“የሰው ሐዘን አውጥቼ ጡረታ ልብላበት?” አለችኝ። እንደ እሷ ካለ ሰው ጋር ካንድ እናት መወለዴን ያን ጊዜ ፈራሁት።

ኃላፊው ወረቀቱን ሊጨርስ ነው። በእያንዳንዷ እናት ፊት ለፊት የልጇ ስም ሰፍሯል። በመጨረሻዋ ትይዩ ግን ባዶ ነው። እዚያ ላይ ሰረዝ ሊያደርግ እስክሪብቶውን አነሳ።

“ቆይ፣ ስም አለው” አለች እትዬ።

ወደ ሴትየዋ ዞራ በዓይኗ ጠየቀቻት። ሴትየዋ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። እትዬም ስሙን ተናገረች። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ስፍር የሌለው ልጅ ተቀብላ፣ የራሷን የልጅ ልጆች ስም እያምታታች ትጠራለች፤ ያን ስም ግን ወዲያው አገኘችው። ኃላፊው ከሌሎቹ ልጆች ሥር ጻፈው። እኔ እዚህ አልጽፈውም፤ የእናቱ ነው።

“ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር” አለች እናቱ።